ከሰሙ የማይቀሩት ጋሽ አለኸኝ

ጋሽ አለኸኝ መሞታቸውን የሰማሁት ባሕር ዳር ሆኜ፣ አራስ እህቴን ልጠይቅ በሄድኩበት ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ስልኬን ስነካካ ፎቷቸው ድቅን አለብኝ። ፎቶውን ያነሳኋቸው እኔ ነኝ፤ ለመታወቂያ ነው ብለው ኮሌታቸውን ሲያስተካክሉ ግማሽ ቀን የፈጁበት። አሁን ከጎኑ የሚነድ ሻማ ተለጥፎበታል። ከሥሩ ያው የታወቀው ነው፤ «ነፍስ ይማር»፣ «ምን ዓይነት መልካም ሰው ነበሩ»፣ «ልቤ ተሰበረ»፣ ከዚያ የምታለቅሰው ቢጫ ፊት በመደዳ። አለቀስኩ። ካለቀስኩ በኋላ ግን ንዴቴ መጣ፤ እኔ ንዴታም ነኝ፣ አልደብቅም። «ነፍስ ይማር» ላለው ሁሉ አንድ በአንድ መጻፍ ጀመርኩ፦ «ለቅሶው ኢንጅባራ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። መቼ ነው የምትመጣ?»

አንዱ ወዲያው «ሴትዮ፣ ጤና የለሽም እንዴ?» ብሎ መለሰልኝ። ሌላዋ «አካውንቷ ተጠልፎ መሆን አለበት» ብላ አዘነችልኝ። እህቴ ሕፃኑን እያጠባች በትከሻዬ ላይ አጮልቃ አየችና «ኧረ በማርያም ተይ፣ አበደች ይሉሻል» አለችኝ። ይበሉኝ! ጋሽ አለኸኝን የማያውቅ ሰው እንዴት ብሎ ይገባዋል? በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ለቅሶው ላይ ደረስኩ። አሁን ግን የማወራው ስለ ሞታቸው አይደለም።

ኢንጅባራ ላይ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አለኝ። ከእኔ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰነው የጋሽ አለኸኝ ልብስ ስፌት ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ። ሜትሩ ከአንገታቸው አይወርድም፤ ሜትሩን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ቤተ ክርስቲያን ገብተው ቄሱ ሳቃቸውን ሲውጡ አይቻለሁ። የስፌት መኪናቸውን በእግራቸው እየረገጡ ከገጠር ከሚመጣው ደንበኛ ጋር በአገውኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ሲያወሩ ይውላሉ። ቤተሰቤ ከማርቆስ ወገን ስለሆነ አገውኛ አልችልም። እሳቸው ግን እንደሚገባኝ አድርገው ቀልዱን መጀመሪያ በአገውኛ ጨርሰው ከደንበኛው ጋር ይስቁና ከዚያ «አየሽ ልጄ» ብለው በአማርኛ ይደግሙልኛል። በአማርኛ አንዱም አስቆ አያውቅም። ግን እስቅላቸዋለሁ።

አንድ ነገር ነበረባቸው፤ ለቅሶ ከሰሙ አይቀሩም። በእኛ አገር ሰምቶ የቀረ ሰው በቀላሉ ይቅር አይባልም። ስለዚህ ሰው ብልሃት አበጅቷል፤ አለመስማት። ሥራ የበዛበት ሰው የእድር ጡሩምባ ሲነፋ ሬድዮኑን ከፍ ያደርጋል። ወሬ ነጋሪ ከሩቅ ካየ በጓሮ ይዞራል። በኋላ ሲገናኙ «ወይኔ! አልሰማሁም እኮ! ማን ነግሮኝ!» ይላል፤ ያኛውም እያወቀ «ካልሰማህ ምን ታደርግ» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ራሴ በዚህ ሙያ ማዕረግ ቢሰጥ አልቀርም ነበር። ጋሽ አለኸኝ ግን ሙያውን ጨርሶ አያውቁትም። «ሰማሁ እኮ!» ይላሉ መቀሱን እያስቀመጡ፤ «ከሰማሁ በኋላ ምን ላድርግ?» ነጠላቸውን ያዘቀዝቃሉ፣ በሩን ገርበብ ያደርጋሉ፣ ይሄዳሉ።

እንግዲህ እንዲህ ላለ ሰው ነው ልጃቸው ከአዲስ አበባ ስልክ የላከችላቸው፣ መልክ ለመልክ እንድንተያይ ብላ። ፌስቡኩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። አንድ ሳምንት እንደ ሕፃን ተደሰቱበት። ከዚያ አንድ ጠዋት ፊታቸው ጠቁሮ ስልኩን ይዘው እኔ ቤት ገቡ።

«ሰብለ፣ ልጄ፣ ዛሬ ብቻ ስንት ሰው እንደሞተ ታውቂያለሽ?»

«የት ጋሼ?»

«እዚህ ውስጥ!» አሉ ስልኩን እየነቀነቁ። ከዚያ ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አሳረፉ። «ይቺስ ሴት ማን ናት?»

አየሁት። የምታለቅሰው ቢጫ ፊት ናት።

«የማትገኝበት ለቅሶ የለም» አሉኝ። «ዳንግላ ብሄድ አለች፣ ጎንደር አለች፣ ወለጋ አለች። እኔ ለቅሶ ደራሽ ነኝ ስል ነበር፤ ለካ አላውቅም። መልኳም እንዲህ የገረጣው በድካም ነው።»

ሴት እንዳልሆነች አስረዳኋቸው፤ ሰው በጣቱ ሲነካ የምትወጣ ሥዕል ናት አልኳቸው። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩዋት።

«ታዲያ የነካት ሰው አልቅሷል?»

«ላያለቅስም ይችላል።»

«እና እሷን አስለቅሶ እሱ የት ሄደ?»

ሥራ ነበረብኝ፤ «እንጃ ጋሼ» ብዬ ወደ ፎቶኮፒዬ ዞርኩ። ያን ጊዜ ያልገባኝ፣ እሳቸው ስልኩ ላይ ያዩትን ሁሉ እንደ መርዶ እንደቆጠሩት ነው። አይተዋላ! ሰምተዋላ! ከሰሙ በኋላ ምን ያድርጉ?

መጀመሪያ የሄዱት ዳንግላ ነው። አንድ መልከ መልካም ጎልማሳ ሻማ ተደርጎለት አይተው፣ ሰፈሩን ከጽሑፉ አንብበው፣ ከመናኸሪያ ጋሪ ይዘው ሄዱ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል፣ ሰው ሞልቷል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየመቱ፣ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያሉ ገቡ። ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ለካስ የክርስትና ድግስ ነው። ሰውዬው ከሞተ ቆይቷል፤ ያዩት ጓደኛው ለመታሰቢያ ብሎ የለጠፈውን ነበር። ክርስትና የተነሳው የእህቱ ልጅ ነው። ካህኑ ጽዋ እንደያዙ ቀሩ። አንድ ጎረምሳ ሊያስወጣቸው ክንዳቸውን ያዘ።

በኋላ ራሳቸው እንደነገሩኝ፣ የሟቹ እናት ከማጀት ወጥተው «ልቀቀው!» አሉ። እጃቸውን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቧቸው። ሁለቱም የዱቄት ዕቃ ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪደርቅ አለቀሱ። «ዛሬ ደስታ ነው ብለው ስሙን እንዳላነሳ ከለከሉኝ እኮ» አሏቸው እናትየው። ከዚያ ፊታቸውን ታጥበው ወጥተው የክርስትናውን ጠላ ጠጡ። ጋሽ አለኸኝ ሲጨፍሩ አምሽተው፣ የቋጠሩላቸውን ድፎ ዳቦ ይዘው መጡ። ግማሹን ለእኔ ሰጡኝ። ከዚያ ወዲያ ከመሄዳቸው በፊት የተለጠፈበትን ቀን እኔ እያየሁ እንድነግራቸው ተስማማን።

እዚህ ላይ በደንበኞቻቸው ላይ የደረሰውን በደል ካልተናገርኩ ኩነኔ ይሆንብኛል። አንድ ሙሽራ ሱሪው ሳይዘመዘም ጋሽ አለኸኝ ቡሬ ለቅሶ ሄደው ቀሩበት፤ የሚዜውን ሱሪ ለብሶ አገባ፣ ሚዜው በቱታ ቆመ። ባለቤታቸው እትዬ ይታይሽ እኔ ቤት እየመጡ ይጮሁብኛል። «አንቺ ነሽ ያመጣሽብኝ! በፊት የሠፈሩን ሬሳ ብቻ ነበር የሚቀብር፤ አሁን የኢትዮጵያን ሬሳ ሁሉ አንቺ ሰጠሽው!» እውነታቸውን ነው። ሱቄን ዘግቼ በደጃቸው ሳልፍ ስሰማ ግን እቤታቸው ውስጥ «ነጠላህን ይዘሃል? ብርድ ነው፣ ጋቢ ደርብ» ይሏቸዋል።

ከሁሉ የማልረሳው የአዘናው ነው።

ከከተማችን ወጣ ብሎ፣ አዘና አካባቢ፣ ቢምረው የሚባል ገበሬ ቤቱ ተቃጠለበት። አንድ ሰው ፎቶ አንስቶ ለጠፈው። ኔትወርክ ጠፍቶ ሰንብቶ የተለቀቀበት ሰሞን ስለነበር አገሩ ሁሉ ስልኩ ላይ አፍጥጧል። ቢምረው የከሰለ ቋሚ አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ እጁን አገጩ ሥር አድርጎ ይታያል። ያላለቀሰ የለም። «ከጎንህ ነን»፣ «አንተ ማለት እኛ ነን»፣ «ሁላችንም ቢምረው ነን» የሚለው ብዛቱ! ከጅማ፣ ከድሬዳዋ፣ ከዱባይ ሳይቀር ጻፉለት። ጋሽ አለኸኝ መቀሱን አስቀመጡ። «ሰማሁ እኮ» አሉ።

በማግስቱ ሲመለሱ ሰላምታም አልሰጡኝ። የስፌት መኪናቸው ፊት ተቀመጡ።

«ማንም የለም» አሉኝ።

«እንዴት ማንም የለም? ያ ሁሉ ሰው?»

«ጎረቤቱም የለም ስልሽ! ቢምረው ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ከከብቶቹ ጋር በረት ውስጥ ነው የሚያድር። ጎረቤቶቹን ዞሬ ጠየቅኩ። 'ለእሱማ ዓለም ሁሉ አልቅሶለታል፣ ስልክ ላይ አሳይተውናል፣ እርዳታው በመኪና እየመጣለት ነው፣ ከእኛ ምን ይጠብቃል?' አሉኝ። አንደኛውማ ቅናት ቢጤ ይዞታል፤ 'የእኔ ቤት ሲያፈስ ማን ፎቶ አነሳኝ?' አለኝ። ዝናቡ እየመጣ ነው ልጄ። ከእሳቱ የተረፋቸው ጉድጓድ ውስጥ የነበረው የዘር ድንች ብቻ ነው።»

ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ሰጡኝ። «ጻፊ» አሉኝ። «ከጎንህ ነን ካሉት ጀምሪ።»

እንዲህ እያሉ አጻፉኝ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ከጎንህ ነን ያልከው ደርሶናል። ቤቱ ከአዘና ገበያ አለፍ ብሎ፣ ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ሲያልቅ ነው። ቤቱን የመሥራት ደቦ ሐሙስ ነው። መቼ ነው የምትመጣ? አለኸኝ፣ ልብስ ሰፊ።» ለእያንዳንዱ ሰው። ጣቴ እስኪደነዝዝ። ለሴት ሲሆን «የምትመጪ» እንድል እየተቆጡ፣ ዱባይ ላለችው ደግሞ «መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ዛሬውኑ ተነሺ» እያስባሉኝ።

መልሱ ደግሞ መጣ። ብዙው ሰው አውራ ጣት ላከ።

«ምን አለ?»

«ምንም አላለም ጋሼ፤ አውራ ጣቱን አነሳ።»

«እሺ ማለቱ ነዋ! ይመጣል።» ልብ የላከውን «ልቡን ሰጠ፣ ይሄማ ማልዶ ነው የሚደርስ» አሉ። አንዱ ሲዘጋን «መርዶ ሰምቶ ደንግጦ ነው» ብለው አለፉት። አንዲት የዳንግላ ሴት፣ ሜሮን የምትባል ባለ ቡቲክ፣ «አባት፣ እባክዎ ይተዉኝ» ብላ ጻፈች። «መንገዱ ጠፍቷት አፍራ ነው» አሉና እንደገና አስጻፉኝ። «ፖሊስ እጠራለሁ» አለች። «ፖሊሱንም ይዘሽ ነይ፣ ጉልበት ያስፈልጋል» አስባሉኝ። በየቀኑ ነው ይሄ!

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጨዋታ ነበር። ረቡዕ ጠዋት ግን «ለቢምረው ሰው ልኬለታለሁ፣ እንግዳው ብዙ ነው ብዬዋለሁ፤ ሚስቱ ሙጭት የዘር ድንቹን ልትቀቅልላቸው ነው» ሲሉኝ ወረቀቱ ከእጄ ወደቀ።

«ጋሼ! ማንም አይመጣም እኮ!»

«እንዴት?»

«ዝም ብለው ነው የሚሉት! ሰው እዚያ ላይ ዝም ብሎ ይላል!»

ኮስተር ብለው አዩኝ። «ሰው ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው ዝም ብሎ ከጎንህ ነን ይላል? አንቺ ልጅ፣ ሰውን ክፉ ታደርጊያለሽ።»

እግዜር ያሳያችሁ! የሰዎቹ ዘር ሊበላ ነው፣ ቤቱም ላይሠራ ነው፣ እኔ ነኝ ክፉዋ። ቢምረው ስልክ የለው፣ ልደውልለት አልችል። ሐሙስ ማለዳ ሱቄን ዘግቼ አብሬያቸው ሄድኩ። ልረዳ አይደለም፤ ሲዋረዱ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ነው። በሚኒባሱ ውስጥ እሳቸው በየፌርማታው አንገታቸውን አውጥተው «ለቢምረው ደቦ የሚሄድ አለ?» ይጠይቃሉ። እኔ ነጠላዬ ውስጥ ተሸጎጥኩ።

ስንደርስ መንገዱ ባዶ ነው። ሙጭት ድስቱን ጥዳ ድንቹን አጥባ ተቀምጣለች። ቢምረው ጋሽ አለኸኝን ሲያይ ብድግ አለና «የት ደረሱ?» አላቸው። «እየመጡ ነው» አሉት፤ መንገድ ዳር ሄደው ቆሙ። ቆሙ። ፀሐይዋ ከፍ አለች። አንድ ፍየል አለፈች። ሙጭት እኔን እኔን ታያለች፤ እኔ መሬቱን አያለሁ። «ድንቹን ትንሽ አቆዪው» አልኳት በቀስታ። አማርኛዋ ጥቂት ነው፤ ግን ገባት። ዓይኗ እንባ ሞላ።

በዚህ መሃል የእድሩ ዳኛ አያ ፈንቴ ከላይ ካለው ቤታቸው ዱላቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ከማለዳ ጀምሮ የቆመው ረጅም ሰውዬ ከንክኗቸዋል።

«ምን ትጠብቃለህ?»

«ደቦኞችን» አሉ ጋሽ አለኸኝ። «ዛሬ የቢምረውን ቤት የሚሠሩ ናቸው።»

«ከየት የሚመጡ?»

«ከጅማ አለ፣ ከድሬዳዋ አለ፣ ከጎንደር አለ። አንዷ ከዱባይ ናት።»

አያ ፈንቴ ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «የእኛን ሰው ቤት የጅማ ሰው ሊሠራው?»

«እሺ ብለዋል። አውራ ጣታቸውን አንስተዋል።»

«እኛ ሞተናል? መጥተው ይሄን አገር ምን ሊሉት ነው? ጎረቤት የለውም ሊሉ ነው?» ከዚያ የቀረውን በአገውኛ ወደ ኮረብታው ጮኹት። ምን እንዳሉ አልገባኝም፤ ውዳሴ ግን አልነበረም። ከየቤቱ ሰው መውጣት ጀመረ። ቀርከሃ የተሸከመ፣ የዲከረንስ ቋሚ የሚጎትት፣ ሣር የታቀፈች፣ ጭድ የያዘች። ያ «ማን ፎቶ አነሳኝ» ያለው ሰውዬ ሳይቀር መጥረቢያውን ይዞ መጣ። አያ ፈንቴ «ቶሎ በሉ! ሳይደርሱብን! ጉድ ሳይሉን!» እያሉ ያዋክባሉ። ሚስታቸውም የታጠበውን የዘር ድንች ከሙጭት ተቀብለው ወደ ጆንያው መለሱና የራሳቸውን ድንች ከቤታቸው አስመጡ። እኔ እንዲህ ሲጣደፍ ያየሁት ሕዝብ የለም። ጭቃው ሲረገጥ ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁበት፤ እያለቀስኩ ነበር፣ ማን እንዳየኝ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ክዳኑ ደረሰ። ግድግዳው ሲለጠፍ ግን ጋሽ አለኸኝ መጥተው ከሰዎቹ ፊት ቆሙ። በመንገዱ በኩል ያለውን ግድግዳ እንዳትነኩት አሉ።

«ለምን?» አሉ አያ ፈንቴ።

«ቃል የገቡት ሲመጡ ምን ይሠሩ? ባዶ እጃቸውን ሊመለሱ ነው? ያፍራሉ እኮ።»

ሰው ሁሉ ተያየ። አያ ፈንቴ አንዴ መንገዱን፣ አንዴ እኔን አዩ። እኔ «አይመጡም» በሚል ራሴን ነቀነቅኩ። የገባቸው ይመስለኛል። «እሺ፣ ይቆይላቸው» አሉ።

ሰው ድንቹን በልቶ ሊበተን ሲል አንድ ባጃጅ እየተንገጫገጨ መጥቶ ቆመ። አንዲት ወፍራም ሴት፣ ነጭ ጫማ፣ ጥቁር መነጽር አድርጋ ወረደች።

«አለኸኝ የሚባለው የቱ ነው?» ብላ ጮኸች።

«እኔ ነኝ ልጄ። አንቺስ?»

«ሜሮን ነኝ! የዳንግላዋ! ሰውዬ፣ እረፍት ነሱኝ እኮ! ደንበኛ ፊት 'መቼ ነው የምትመጪ'፣ እንቅልፌ ላይ 'መቼ ነው የምትመጪ'! በአካል መጥቼ ልክዎን ካልነገርኩዎት...»

ጋሽ አለኸኝ አልጨረሱላትም። ወደ ሰዉ ዞረው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። «አላልኳችሁም? መጡ!»

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ሜሮን አፏ ተከፍቶ ቀረ። ሙጭት ሮጣ መጥታ አንገቷን አቀፈቻት፣ ጭቃ የነካው እጇ የሴትዮዋ ነጭ ሸሚዝ ላይ ታተመ፤ በአገውኛ እየመረቀቻት ታለቅሳለች። ሜሮን ሙጭትን አየች። የከሰለውን ቋሚ አየች፤ ያ ፎቶው ላይ ያለው ነው። በረቱን፣ በረቱ በር ላይ የተደረደሩትን ልጆች አየች። መነጽሯን አወለቀች። ጎንበስ ብላ ጫማዋን ፈታች።

«ይሄ ጭቃ በእጅ ነው በምን?» አለች፣ የመጣችበትን ቁጣ ሳትጨርስ በዚያው ድምፅ።

ጋሽ አለኸኝ ያላለቀው ግድግዳ ጋ ወሰዷት። ራሳቸው ጭቃ አፈሱላት። መለጠፍ ጀመረች፤ አልቻለችበትም፣ ግማሹ እግሯ ላይ ይወድቃል፣ የሚስቅባት ግን አልነበረም። እሳቸው አጠገቧ ቆመው በትከሻዋ ላይ ወደ መንገዱ ያያሉ።

«ሌሎቹስ የት ደረሱ ልጄ?» አሏት።

ሜሮን እጇን አቆመች። ቀና ብላ መጀመሪያ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ባዶውን መንገድ፣ ከዚያ የእሳቸውን ፊት።

«መንገድ ላይ ናቸው ጋሼ» አለቻቸው።

«እንግዲያው» አሉ ጋሽ አለኸኝ ደስ ብሏቸው፣ «ጠርዙን ተዪላቸው።»